«አላገኘሁም» ያሉት ሊቅ

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጧት፤ የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል፤ አንዲት እናት ከመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውንም እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። ልጃቸው የሥነ ሕይወት ትምህርት ከማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ናት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ግራና ቀኝ ተመልክተው፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፤ «መምህር፤ ሴቶቹን ልጆች ሊወጉ ይመጣሉ የተባለው እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እውነት ነው፤ እትዬ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ነው» አልኋቸው።

«እሱስ ተነግሮናል። ነገር ግን ጎረቤቶቼ መካን ያደርጋል ይላሉ። ያለችኝ ሴት ልጅ እርሷ ብቻ ናት። እርስዎ ተምረዋልና እውነቱን ይንገሩኝ።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሰዓት አፈርሁ። ዕድሜዬ ገና ሃያ ስድስት ነው፤ እርሳቸው እናቴ ይሆናሉ። ስለ ማኅፀን ከአንዲት ወይዘሮ ጋር በር ላይ ቆሞ መነጋገርን ደግሞ ኮሌጅ አላስተማረኝም። «የለም፤ መካን አያደርግም፤ አይሥጉ» ብዬ ለመሄድ ተነሣሁ። እርሳቸውም «እሺ» አሉ። ነገር ግን በአገራችን «እሺ» ብዙ ትርጉም አለው፤ የዚያን ጧቱ «እሺ» «አላመንሁዎትም» ማለት እንደ ነበረ ገባኝ። ስለዚህ ተመልሼ፤ «ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ነገሩን ከሥሩ አስረዳዎታለሁ» ብዬ ቀጠርኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ። ክትባቱ ከየት እንደ መጣ ስፈልግ ያገኘሁት የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ታሪክ ነው። ለእኒያ እናት የነገርኋቸውን ዛሬ ለአንባቢዎቼም አካፍላለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ሐራልድ ዙር ሐውዘን በ1936 በጀርመን አገር ጌልዘንኪርኸን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ የድንጋይ ከሰል የሚወጣባትና ብዙ ፋብሪካ ያለባት ስለ ነበረች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ እንደ ዝናም ወርዶባታል። በ1943 ትምህርት ቤቶቹ ሲዘጉ ሕፃኑ ሐራልድ ከትምህርት ርቆ ቆየ። የጎደለ መሠረት ይዘው ወደ ክፍላችን የሚመጡ ተማሪዎችን ስናይ ቶሎ ተስፋ የምንቆርጥ መምህራን ይህን ልብ ብንለው መልካም ነው። ልጁ አድጎ በቦን፤ በሐምቡርግና በዱስልዶርፍ የሕክምና ትምህርት ተከታተለ፤ በ1960ም ዶክተር ሆነ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ በአክብሮት እንጥራቸው።

ዶክተር ዙር ሐውዘን ከተማሪነታቸው ጀምሮ በልባቸው ያደረ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ይኸውም «ካንሰርን የሚያመጣ ቫይረስ ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። ቫይረስ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ፤ በሌላ ፍጡር ሴል ውስጥ ካልገባ በቀር መራባት የማይችል እጅግ ደቂቅ ነገር ነው። በ1966 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ከቬርነር ሄንሌና ከባለቤታቸው ከጌርትሩድ ሄንሌ ዘንድ ሠሩ። በዚያ ላቦራቶሪ የሚመረመረው ነገር ከእኛው ክፍለ ዓለም የተነሣ ነበር። ዴኒስ በርኪት የተባሉ ሐኪም በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ክፉ ዕጢ በ1958 ገልጸው ጽፈው ነበር፤ በ1964 ደግሞ ኤፕስታይንና የሥራ ጓደኞቻቸው ከዚሁ ዕጢ በተገኙ ሴሎች ውስጥ ቫይረስ አዩ።

ዙር ሐውዘን በ1969 ወደ ጀርመን ተመልሰው በቩርትስቡርግ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1970ም አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ፤ ይኸውም ከበርኪት ዕጢ በመጡ ሴሎች ውስጥ ቫይረሱ ራሱ ባይታይም የቫይረሱ ዲ ኤን ኤ ተቀምጦ እንደሚገኝ ነው። ዲ ኤን ኤ ማለት ሴል ምን መሥራት እንዳለበት የተጻፈበት መዝገብ ነው። እንግዳው ከቤት ወጥቶ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉን በባለቤቱ መዝገብ ውስጥ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ አጥፊውን ለማግኘት መልኩን ሳይሆን ጽሑፉን መፈለግ ያስፈልጋል። የዙር ሐውዘን ሥራ ሁሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሠረተ።

የማኅፀን በር ካንሰር ከሩካቤ ሥጋ ጋር አንድ ግንኙነት እንዳለው ጥርጣሬው ጥንታዊ ነው። ሪጎኒ ስተርን የተባሉ ኢጣልያዊ ሐኪም በ1842 የቬሮናን ከተማ የሞት መዝገብ መርምረው፤ የማኅፀን ካንሰር በባለትዳሮች ላይ ሲበዛ በመነኮሳይያት ላይ ግን እምብዛም እንደማይገኝ ጽፈዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ፤ ጠበብቱ ጥፋተኛውን ያገኙ መሰላቸው። እርሱም ሁለተኛው ዓይነት የሄርፐስ ቫይረስ ነው ተባለ፤ ብዙው ተመራማሪም ወደዚያው አዘነበለ።

ዙር ሐውዘን ከ1972 ጀምሮ በኤርላንገን ዩኒቨርስቲ ሳሉ ይህንን ለማረጋገጥ ተነሡ። ዘዴውን በቀላሉ ላስረዳ። ዲ ኤን ኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ነው። መሰላሉ ሲሞቅ ርብራቦቹ ከመካከል ተላቅቀው ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ግማሽ የራሱን አምሳያ እንጂ ሌላውን አይዝም። ተመራማሪው የቫይረሱን ግማሽ መሰላል በራዲዮአክቲቭ ምልክት ያደርግበትና ከዕጢው ዲ ኤን ኤ ጋር ያገናኘዋል። ከያዘ የቫይረሱ ጽሑፍ በዕጢው ውስጥ አለ፤ ካልያዘ የለም። ዙር ሐውዘን የብዙ ሴቶችን ዕጢ ሰብስበው የሄርፐስን ጽሑፍ ደጋግመው ፈለጉ። ከአንዱም አላገኙም።

በ1974 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በዚሁ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ከሌላ ላቦራቶሪ የመጡ ሰዎች ቀደም ብለው በአንድ ዕጢ ውስጥ የሄርፐስን ጽሑፍ በከፊል እንዳገኙ ገልጸው ነበርና ጉባኤተኛው ልቡ የሞቀው ወደዚያ ነበር። ዙር ሐውዘን ግን ተነሥተው በቁርጥ «ፈለግሁ፤ አላገኘሁም» አሉ። ቃላቸውም በቅዝቃዜ ተሰማ። ዘዴያቸው ደካማ ቢሆን ነው እንጂ ቫይረሱማ አለ ብሎ የሚያስብ በዛ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አንድ ነገር ዘወትር ያሳዝነኛል። ተማሪዎቼ ሙከራ ሲሠሩ ውጤቱ በመጽሐፍ ካለው የተለየ እንደ ሆነ በደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ያዩትን ሳይሆን መጽሐፉ ያለውን ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ማርክ እንዳይቀነስብን» ይላሉ። እኔም በኮሌጅ ሳለሁ እንዲሁ አድርጌአለሁ። አንድ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው ሰው በሙያው ታላላቆች ፊት ቆሞ «አላገኘሁም» ሲል ያጣው ማርክ ብቻ አልነበረም፤ ክብሩንና የወደፊት ተስፋውን ጭምር አደጋ ላይ ጥሏል። ነገር ግን «አላገኘሁም» ማለት የፍለጋው መጨረሻ አይደለም። በዚህ በር አይደለም፤ ሌላ በር አንኳኩ ማለት ነው።

የዙር ሐውዘን ሌላ በር ኪንታሮት ነበር። በእጅና በእግር ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ፓፒሎማ በሚባል ቫይረስ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በአባለ ዘር ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ደግሞ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ተለውጧል የሚሉ የቆዩ የሐኪሞች ጽሑፎች ነበሩ። ሌላው አልፏቸው የሄደውን እነዚህን ጽሑፎች ዙር ሐውዘን አነበቡ። በ1976ም የማኅፀን በር ካንሰር አምጪው የፓፒሎማ ቫይረስ ሳይሆን እንደማይቀር የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። ኪንታሮት ማለት ገበሬው በላፒስ የሚያቃጥለው ተራ ነገር ነው፤ እንዲህ ካለው ነገር ካንሰር ይመጣል ሲባል የሚያምን ጥቂት ነበር።

ሥራው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈጸመም። ከእግር ኪንታሮት የተወሰደው ቫይረስ ዲ ኤን ኤ ከአባለ ዘር ኪንታሮት ጋር አልያዘም። ከዚህም የተነሣ የፓፒሎማ ቫይረስ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑ ተገለጠ፤ ዛሬ ከሁለት መቶ በላይ ዓይነቶች ተቆጥረዋል። በ1977 ወደ ፍራይቡርግ ከተዛወሩ በኋላ ከሉትስ ጊስማንና ኋላ ባለቤታቸው ከሆኑት ከኤቴል ሚሼል ደ ቪሊየርስ ጋር ሆነው ከአባለ ዘር ኪንታሮት 6ኛውን፤ ቀጥሎም ከሌላ ዕጢ 11ኛውን ዓይነት ለዩ። በደስታ ወደ ካንሰሩ ዕጢ ቢዞሩ ግን እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አልተገኙም። ለሁለተኛ ጊዜ «አላገኘሁም» ማለት መጣ።

ይሁን እንጂ በፊልሙ ላይ ደብዘዝ ያሉ፤ ቸኩሎ የሚያይ ሰው እንደ እድፍ የሚቆጥራቸው ምልክቶች ታዩ። የ11ኛው ዓይነት ግማሽ መሰላል ፍጹም አምሳያውን ባያገኝም የሩቅ ዘመዱን የነካ ይመስል ነበር። ወጣቱ ተማሪያቸው ማትያስ ዱርስት ይህን ዘመድ ተከታትሎ በ1983 16ኛውን ዓይነት አወጣ፤ ሚካኤል ቦስሃርት ደግሞ በ1984 18ኛውን። 16ኛው ዓይነት ብቻ ከተመረመሩት የማኅፀን በር ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱ አንድ ላይ በዓለም ላይ ካለው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ከጉባኤው ቅዝቃዜ እስከዚህ ቀን ዘጠኝና ዐሥር ዓመት አልፏል።

ከዚህ ጋር የአንዲት ሴት ስም መነሣት አለበት። ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች አፍሪካዊ አሜሪካዊት የልጆች እናት በ1951 በባልቲሞር ከተማ በዚሁ በሽታ ሞተች። ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ የወሰዱት ሴል ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ ላቦራቶሪ እየተራባ ይኖራል። የዙር ሐውዘን ቡድን ይህንን ሴል ሲመረምር 18ኛውን ዓይነት ቫይረስ አገኘበት። ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የገደላት ታወቀ ማለት ነው።

ቫይረሱ ካንሰር የሚያመጣው እንዴት ነው? በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ እንደ ፈረስ ልጓም ያሉ ነገሮች አሉ፤ ሴሉ ያለ ልክ እንዳይራባ ይገታሉ። ቫይረሱ ጽሑፉን በሴሉ መዝገብ ውስጥ ካስገባ በኋላ ኢ 6 እና ኢ 7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያሠራል። አንዱ ፒ 53 የተባለውን ልጓም ይበጥሳል፤ ሁለተኛው አር ቢ የተባለውን ይፈታል። ልጓም የሌለው ፈረስ እንደሚጋልብ ሴሉም ይባዛል። ነገር ግን ይህ በአንድ ጀምበር የሚሆን አይደለም። ቫይረሱ ከገባባቸው ሴቶች በአብዛኞቹ ላይ ሰውነታቸው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቀራል፤ ካንሰር እስኪሆንም ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል።

ዙር ሐውዘን ጥፋተኛውን እንዳወቁ ወዲያውኑ ክትባት እንዲሠራ አሰቡ። አንድን የመድኃኒት ፋብሪካ ቢጠይቁ ግን ገበያውን አጥንቶ አዋጪ ሆኖ እንዳላገኘው ተመለሰላቸው። እርሳቸውም ተስፋ ሳይቆርጡ፤ ያገኟቸውን የቫይረስ ዲ ኤን ኤዎች በሣጥን ቆልፈው ከማስቀመጥ ይልቅ ለሚጠይቋቸው ተመራማሪዎች ሰጡ። ፍሬውም ታየ። በ1991 በአውስትራሊያ ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዡ የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት ብቻ የሚመስል ነገር መሥራት ቻሉ። በአሜሪካም ሌሎች ሊቃውንት ይህንኑ መንገድ አጠናከሩት። በ2006 የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2008 ሐራልድ ዙር ሐውዘን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ግማሹን ተቀበሉ፤ ሌላውን ግማሽ የኤድስን ቫይረስ ያገኙት ሁለት ፈረንሳውያን ተካፈሉ። ሊቁ በሃይደልበርግ የሚገኘውን የጀርመን የካንሰር ምርምር ማእከል ለሃያ ዓመት መርተዋል፤ በ2023 በ87 ዓመታቸው አረፉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኒያ እናት በቀጠሯቸው መጡ። ተማሪዎች በወጡበት ባዶ ክፍል ውስጥ በዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ይህንኑ ታሪክ በሰሌዳው ላይ መሰላል እየሣልሁ ነገርኋቸው። ሲጨርሱ ያዳምጡኝ የነበሩት እናት «ታዲያ የሚወጓት ያንኑ ቫይረስ ነው?» አሉ።

«አይደለም፤ እትዬ። ንብ የሌለበት ቀፎ ያውቃሉ? ክትባቱ ባዶው ቀፎ ነው። ውስጡ ጽሑፍ የለም፤ ሊራባ አይችልም፤ ካንሰርም አያመጣም። የሰውነታችን ዘበኞች የቀፎውን መልክ አይተው ይለምዱታል፤ ንቡ የመጣ ቀን በር ላይ ይይዙታል። ማኅፀንን የሚነካበት መንገድ የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት አማካሪዎችም ጉዳዩን መርምረው መካን ለማድረጉ ማስረጃ አላገኙም። ማኅፀንን የሚያስወጣው በሽታው ነው፤ ሐኪሞች የሴቲቱን ነፍስ ለማዳን ሲሉ ማኅፀኗን ቆርጠው የሚያወጡበት ጊዜ አለና።»

«ልጄ እኮ ጨዋ ናት» አሉ ቀጥለው።

«ጨዋ መሆኗን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ቫይረስ ጨዋና ባለጌ አይለይም፤ ባልዋን ብቻ ያወቀች ሴት ከባልዋ ታገኘዋለች። ስለዚህም ክትባቱ የሚሰጠው አስቀድሞ፤ በልጅነት ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለም?»

ውጤቱንም ነገርኋቸው። በስዊድን አገር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሴቶች ተመዝግበው ሲታዩ፤ 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ የማኅፀን በር ካንሰር ካልተከተቡት ይልቅ በ88 በመቶ ቀንሶ መገኘቱ በ2020 ታትሟል። በአንጻሩ በ2022 በዓለም ላይ 350,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ ከመቶው ዘጠና አራቱ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ገንዘብ ባነሳቸው አገሮች ነው። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶቻችንን የሚያጠቃው ይኸው ነው። ክትባቱ ወደ አገራችን የገባው በ2018 መጨረሻ ሲሆን በመጀመሪያ የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር።

እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ እንዲህ አሉኝ። «ይህ የለበስሁት ጥቁር የታላቅ እኅቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ይፈስሳት ነበር። አፍራ ለማንም አልነገረችም፤ ለእኔም እንኳ። ሐኪም ቤት የወሰድናት መቆም ሲያቅታት ነው። እነርሱም ማኅፀኗ ነው፤ ዘግይታችኋል አሉን።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን እኛው ራሳችን ስለዚህ በሽታ በሹክሹክታ ስንነጋገር ሴቶቻችን እንዲደብቁት እናስተምራቸዋለን። ማክሰኞ ጧት በር ላይ አፍሬ በአንድ ቃል ልሸኛቸው የነበርሁት እኔም ከዚያው ወገን ነበርሁ።

ከመቀመጫቸው ሲነሡ «ልጄ ትወጋ» አሉ። ወደ በሩ ደርሰው ደግሞ ዞር ብለው፤ «ለእኔስ? ለእኔ ጊዜው አልፏል?» ብለው ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ አላፈርሁም። ክትባቱ የገባን ቫይረስ እንደማያስወጣ፤ ለትልልቅ ሴቶች የሚጠቅማቸው ምርመራ መሆኑን ነገርኋቸው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴቶች በጤና ጣቢያ የሚደረግላቸው ምርመራ አለ። ነርሷ የማኅፀኑን በር በሆምጣጤ ውሃ ትቀባዋለች፤ የተበላሸ ሴል ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ካንሰር ሳይለወጥም ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በማቃጠል እዚያው ይወገዳል። ሥራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የተከተበችም ብትሆን ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት ቫይረስ ስለማይከለክል ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመር ይገባታል።

«እንግዲያስ ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ። ማክሰኞ የሰማሁት ዓይነት «እሺ» አልነበረም።

የክትባቱ ቀን ልጃገረዶቹ በሰልፍ ቆመው አንዷ በሌላዋ ትሥቅ ነበር፤ ገሚሶቹም መርፌውን ፈርተው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ያቺ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበረች። ክንዷን እያሸች ወደ እኔ መጥታ፤ «መምህር፤ እናቴም ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም» አለችኝ።

«አልተገኘባትም» የሚለውን ቃል ስሰማ በፍሎሪዳው ጉባኤ ላይ ብቻቸውን ቆመው «አላገኘሁም» ያሉት ሰው ትዝ አሉኝ። በሚቀጥለው ሰኞ በላቦራቶሪ ሰዓት ለተማሪዎቼ አዲስ ደንብ አወጣሁ። ያየውን የጻፈ፤ ውጤቱ ከመጽሐፉ ቢለይም፤ ሙሉ ማርክ ያገኛል።